ከጨዋማ ውኃ አኳሪየም ውስጥ ዓሣ ሲጠፋ፦ ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

በቤት ውስጥ ባለ የጨዋማ ውኃ አኳሪየም አንድ ዓሣ ከዐይን ሲሰወር፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን አስገብቶ ድንጋይ ማገላበጥ ነው፤ ይህ ግን ከተደረገም በመጨረሻ መደረግ ያለበት ነገር ነው። ድንጋይ ሲገላበጥ የተደበቀው ዓሣ ይበልጥ ይደነግጣል፣ ኮራል ይሰበራል፣ ከሥር የተጠራቀመው ቆሻሻም ውኃው ውስጥ ይበተናል። ዓሣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወይ ምንም ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ ከነጭራሹ ውኃው ውስጥ የለም። ስለዚህ ፍለጋው ቅደም ተከተል አለው፤ ጊዜ የማይሰጠው ይቀድማል፣ ዓሣው ሞቶ ከሆነ ቀሪዎቹን የሚያሰጋው ይከተላል፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይሰልሳል።

አስቀድሞ ወለሉን

ዓሣው እንደሌለ ባወቁ ሰዓት ገንዳውን ትተው ወለሉን ይፈትሹ። ፋየርፊሽ፣ ጆውፊሽ፣ በርካታ የጎቢ ዝርያዎችና ፌሪ ሬስ የሚባሉት ባለ ደማቅ ቀለም ዓሦች በመዝለል የታወቁ ናቸው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ወይም ሌላ ዓሣ ሲያባርራቸው ወደ ላይ ይስፈነጠራሉ፤ ለማምለጥም ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበት የክዳኑ ማዕዘን ይበቃቸዋል። ከገንዳው የወጣ ዓሣ የወደቀበት ቦታ ላይ አይቆይም፤ እየተንፈራገጠ ወደ ምንጣፍ ጠርዝ፣ ወደ ወንበር ሥር ወይም ወደ ገንዳው ማስቀመጫ ጀርባ ይሄዳል። በመሆኑም ፍለጋው በየአቅጣጫው ቢያንስ 2 ሜትር ያህል መሸፈን አለበት። የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝቶ ብርሃኑን በጎን መልቀቅ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ትንሽ ነገር ሁሉ ረጅም ጥላ ስለሚጥል በቀላሉ ይታያል። የደረቀ ፋየርፊሽ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ተኮማትሮ የደረቀ ቅጠል ስለሚመስል ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው አልፎት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ካለ ደግሞ ወለሉ ላይ ምንም አለመገኘቱ ዓሣው አለመዝለሉን አያረጋግጥም።

ዓሣውን ወለል ላይ ካገኙት ሞቷል ብለው አይቸኩሉ። ቆዳው ገና እርጥብ ከሆነ፣ ይልቁንም የስንጥቡ ክዳን አልፎ አልፎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የመዳን ዕድል አለው። እጅዎን በገንዳው ውኃ አርጥበው ያንሱት፤ የተጣበቀበትን አቧራና ፀጉር ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በዕቃ ውስጥ ያለቅልቁት እንጂ የቧንቧ ውኃ አይጠቀሙ። ከዚያም ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርገው መጠነኛ የውኃ እንቅስቃሴ ባለበት የገንዳው ክፍል ያኑሩት፤ መብራቱንም ይቀንሱ። በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ከተለቀቀ ግን ደካማነቱን ያዩ ሌሎች ዓሦች ሊያጠቁት፣ ሸርጣኖችም በሕይወት እያለ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ቀጥሎ የማጣሪያው መንገድ

ወለሉ ላይ ከሌለ ውኃው በሚሄድበት መንገድ ይከተሉት። ኦቨርፍሎው የሚባለው የውኃ መውረጃ ሳጥን ያለው ገንዳ ከሆነ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። ትናንሽ ዓሦች በሳጥኑ ጥርሶች መካከል ሾልከው ወይም በላዩ ዘለው ይገባሉ፤ ከውኃው ጋር የሚወርድ ምግብ እየበሉም እዚያ ለሳምንታት በሰላም ሊኖሩ ይችላሉ። ሳጥኑ ጥቁር ስለሆነ ከላይ በባትሪ ካላበሩበት ምንም አይታይም። ቀጥሎ የማጣሪያውን ከረጢት፣ ከዚያም ሰምፕ የሚባለውን የታችኛውን ገንዳ ክፍል በክፍል ይመልከቱ። ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠል ማጣሪያ ካለዎት ደግሞ ክዳኑን ከፍተው ስፖንጁን አውጥተው ይዩ።

ዓሣው መውረጃ ሳጥኑ ውስጥ ከተገኘ ውኃ መላሹን ፓምፕ አጥፍተው፣ ውኃው ከቆመ በኋላ በትንሽ መረብ ያውጡት። ሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተተከለውን የመውረጃ ቱቦ ነቅሎ ውኃውን በሙሉ ወደ ታች ማፍሰስም ይቻላል፤ ሆኖም ሰምፑ ያን ያህል ተጨማሪ ውኃ መያዝ መቻሉን ሳያረጋግጡ እንዳይሞክሩት።

ገንዳው ውስጥ ሆነው ውኃውን የሚያንቀሳቅሱትን የሞገድ ፓምፖች መምጠጫ ሲመረምሩ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ እጅ ገንዳ ውስጥ በሚገባበት ጊዜ ሁሉ ይህ መደረግ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል፦ ጤናማ ዓሣ የፓምፕ መምጠጫን አምልጦ መዋኘት አያቅተውም። እንደ ባሕር ፈረስ ያሉ ዘገምተኛ ዋናተኞችን ካልያዙ በስተቀር፣ ፓምፕ ላይ ተጣብቆ የተገኘ ዓሣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የታመመ ወይም የሞተ ነውና ፓምፑን ወቅሶ ነገሩን መዝጋት አይገባም።

ውኃውን መመርመር

ዓሣው እስካሁን ካልተገኘ ፍለጋው ለጊዜው ይቆይና ስለ ቀሪዎቹ ዓሦች ይታሰብ። ድንጋይ መሃል የሞተ ዓሣ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያ ደግሞ ጨው ከሌለው ውኃ ይልቅ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ይበልጥ አደገኛ ነው። ምክንያቱም የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በአብዛኛው ከ8.1 እስከ 8.4 በመሆኑ፣ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዛማ በሆነው መልኩ የሚገኘው ድርሻ ፒኤቹ 7 ከሆነ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። አሞኒያ ሲለወጥ የሚገኘው ናይትራይት በአንጻሩ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ያን ያህል አያሰጋም፤ ውኃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ወደ ዓሣው ሰውነት እንዳይገባ ይከላከላልና። ስለዚህ ጊዜዎ አጭር ከሆነ አሞኒያውን ብቻ ይለኩ።

ልኬቱ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይደለም። በድን ወዲያው ስለማይበሰብስ ዛሬ ዜሮ ያሳየ ውኃ ነገ ሌላ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ ለ4 ወይም 5 ቀናት በየ24 ሰዓቱ ይለኩና ይመዝግቡ። የገንዳው መጠን እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። 400 ሊትር በሚይዝ፣ ከተቋቋመም ዓመት ባለፈው ገንዳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎቢ ብትሞት ባክቴሪያዎቹና ጥንብ አንሺዎቹ ጨርሰዋት ልኬቱ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ያው ዓሣ 60 ሊትር በሚይዝ ወይም ገና በተቋቋመ ገንዳ ውስጥ ቢሞት ግን ውኃው ሊበላሽ ይችላል።

አሞኒያው በሊትር 0.25 ሚሊግራም አካባቢ ካሳየ ከገንዳው ውኃ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይቀይሩ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ግማሽ ድረስ መቀየር ይቻላል። አዲሱ ውኃ አስቀድሞ በተለየ ዕቃ ውስጥ በፓምፕ ሲደባለቅ የቆየ፣ ሙቀቱና የጨው መጠኑም ከገንዳው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት፤ በአብዛኞቹ የኮራል ገንዳዎች ይህ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እና የጨው መጠን በሚለካው መሣሪያ በሪፍራክቶሜትር 1.025 ማለት ነው። አሞኒያን የሚያስር ኬሚካል ከጨመሩ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ መመርመሪያዎች የታሰረውንም እንዳልታሰረ አድርገው ስለሚቆጥሩ ቁጥሩ አልወርድ ይላል፣ ባለቤቱም ያለ ምክንያት ሌላ መጠን ይደግማል።

ከመመርመሪያው ሌላ ገንዳው ራሱ የሚሰጣቸው ምልክቶች አሉ። ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ ከውኃው የሚያወጣው መሣሪያ፣ በድንገት ከልማዱ ውጭ አረፋ ካበዛ ወይም ጽዋው ጥቁር ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ከሞላ፣ ውኃው ውስጥ የሚበሰብስ ነገር ሊኖር ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የጥንብ አንሺዎቹ አካሄድ ነው። ናሳሪየስ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች ምግብ ባልተሰጠበት ሰዓት ከአሸዋው ወጥተው ወደ አንድ ስንጥቅ ካመሩ፣ ኸርሚት ሸርጣኖችና ፀጉራማ ትሎችም እዚያው ከተደራረቡ፣ በድኑ ያለው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካገኙ በረጅም ወረንጦ ወይም ውኃ በሚስብ ቱቦ የተረፈውን ያውጡ፤ ቦታው ስለታወቀ ሌላውን ድንጋይ መነካካት አያስፈልግም።

የጠፋው ዓሣ ማን ነው?

ወለሉና ማጣሪያው ባዶ ሆነው፣ ውኃውም ንጹሕ ከሆነ፣ መልሱ ያለው የዓሣው ጠባይ ላይ ነው። አንድ ቀን ሳይታይ መዋሉ ለአንዱ ዝርያ የሚያሳስብ፣ ለሌላው የዘወትር ልማድ ነው።

ሃሊኮረስ የሚባለው ወገን ሬሶች ሌሊቱን አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ያሳልፋሉ፤ ሲደነግጡም በቀን ይቀበራሉ። አዲስ የመጣ ሬስ ደግሞ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለ2 ሳምንት ያህል ላይታይ ይችላል። ብዙዎቹ የሚመጡት ከሕንድና ከፓስፊክ ውቅያኖሶች ስለሆነ የሰውነታቸው ሰዓት ከገንዳው መብራት ጋር እስኪስማማ ድረስ እርስዎ ሲተኙ ይነቃሉ፣ እርስዎ ሲነቁ ይቀበራሉ። በመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ በኩል አሸዋውን በጥንቃቄ ቢመለከቱ አንዳንዴ አፍንጫው ጫፍና አንዲት የምትንቀሳቀስ ዐይን ብቻ ከአሸዋው ብቅ ብለው ይታያሉ። እንዲህ ያለውን ዓሣ ለማግኘት አሸዋውን መቆፈር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በተለይ ጥልቅ የሆነና ለረጅም ጊዜ ያልተነካ አሸዋ ውስጥ የታመቀ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊለቀቅ ይችላልና።

ፒስቶል ሽሪምፕ ከሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ የባሕር እንስሳ ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ጎቢዎች በድንጋዩ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ ለሳምንታት ይሰወራሉ፤ ጆውፊሽም ሌሊት የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ዘግቶ ይተኛል። የወንድ ባንጋይ ካርዲናልፊሽ መሰወር ደስ የሚል ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ እንቁላሎቹንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፉ ይዞ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሳይበላ ጥግ ይይዛል። ትሪገርፊሽ ደግሞ ሲፈራ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የጀርባውን እሾህ አቁሞ ይቆልፋል፤ በዚያ ሁኔታ የተገኘን ዓሣ ጎትቶ ለማውጣት መሞከር እሱን ማቁሰል ብቻ ነው። ራቢትፊሽ ሌሊት ቀለሙን ለውጦ ዥጉርጉር ቡናማ ስለሚሆን፣ ባለቤቱ ፊት ለፊቱ እያለ እንኳ ሳያውቀው ይቀራል።

ክሎውንፊሽ ግን እንደዚህ አይደለም። የያዘውን ቦታ የማይለቅ ዓሣ ስለሆነ ከአንድ ቀን በላይ ካልታየ ነገሩን በቁም ነገር መውሰድ ይገባል። ታንግም ቀኑን ሙሉ ሲዋኝና አልጌ ሲግጥ የሚውል ነውና በምግብ ሰዓት መቅረቱ መጥፎ ምልክት ነው። በመንጋ የተገዙ አረንጓዴ ክሮሚሶች አንድ በአንድ እያነሱ መሄዳቸው ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፤ እርስ በርሳቸው ሲጠቃቁ ደካማው ተገፍቶ ይሞታል፣ ዩሮኔማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክም በተለይ እነሱን ያጠቃል። ከ6ቱ 4 ቀርተው ካገኙ፣ 5ኛውና 6ኛው ተደብቀዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ ብዙም አያዋጣም።

በምግብ ሰዓትና በሌሊት መጠበቅ

የተደበቀ ዓሣን የሚያወጣው ረሃብ ነው። በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ፣ ሽታ ያለው ምግብ ይስጡ፤ ማይሲስ ሽሪምፕ የሚባለው በበረዶ የሚሸጥ ምግብ ቀልጦ ሲሰጥ ለዚህ ጥሩ ነው። የሞገድ ፓምፖቹን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍተው ምግቡ ወደ ድንጋዮቹ መሃል እንዲወርድ ያድርጉ፤ ከዚያ ከገንዳው ራቅ ብለው ይቀመጡ። መስታወቱ ላይ የተደቀነ ፊት ማንኛውንም ፈሪ ዓሣ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። ከዚህም የሚሻለው ስልክዎን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አስተካክለው ከክፍሉ መውጣት ነው፤ ባለቤቱ ለሳምንት ያላየው ዓሣ ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ቀረጻ ላይ ይገኛል። የጠፋውን ለማውጣት ብሎ ምግብ ማብዛት ግን ራሱ አሞኒያ ስለሚያመጣ አይመከርም።

መብራቱ ከጠፋ ከ1 ወይም 2 ሰዓት በኋላ በቀይ ብርሃን ገንዳውን ይቃኙ። አብዛኞቹ የባሕር እንስሳት ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለማያዩት ሳይሸሹ ይታያሉ፤ ተራ ባትሪ ላይ ቀይ ስስ ፕላስቲክ ማሰርም ይሠራል። ከጎን ብቻ ሳይሆን ከላይም፣ ከጀርባም፣ ከማዕዘኖቹም ይመልከቱ። በሌሎች የሚጠቃ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከውኃው ወለል አጠገብ፣ ከማሞቂያው ወይም ከመውረጃ ሳጥኑ ጀርባ ተጣብቆ ነው። ክንፉ ተቀዳዶ ከተገኘ ችግሩ መጥፋቱ ሳይሆን አባራሪው ነውና፣ አባራሪውን ለጥቂት ቀናት ቀዳዳ ባለው ሳጥን ለይቶ ማቆየት ይረዳል።

ተበልቶ ከሆነ

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የሚወቀሱት ፀጉራማ ትሎች ናቸው፤ ወቀሳው ግን በአብዛኛው ፍትሕ የጎደለው ነው። እነሱ ጥንብ አንሺዎች በመሆናቸው በድን ላይ ተሰብስበው ይታያሉ፣ ያያቸውም ሰው ገዳዮቹ እነሱ ይመስሉታል። እውነተኛ ተጠርጣሪዎች ሌሎች ናቸው። ትልቅ አፍ ያለው ማንኛውም ዓሣ፣ ለምሳሌ ላየንፊሽ ወይም ግሩፐር፣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል። አረንጓዴ ብሪትል ስታር የሚባለው ረጃጅም ክንዶች ያሉት እንስሳ ሌሊት የተኛ ዓሣን ሥሩ ሸፍኖ ይይዛል። ካርፔት አኔሞን የሚባለው አበባ መሰል የባሕር እንስሳም ዓሣ ይበላል፤ በማግስቱ ከአፉ የተፋው ቅርፊትና አጥንት ያለበት ዝልግልግ ድብልብል ነገር አጠገቡ ከተገኘ ማስረጃው ያ ነው።

ከድንጋይ ጋር ሳይታወቅ የሚገባ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል አዳኝም አለ። ሌሊት ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማቱ የእሱ ምልክት ነው ቢባልም፣ ዓሣ የማይነካው ፒስቶል ሽሪምፕም ያንኑ ድምፅ ስለሚያሰማ በድምፅ ብቻ መፍረድ አይቻልም። በቀይ ብርሃን ፈልገው፣ ያለበትን ጉድጓድ ለይተው፣ ያንን ድንጋይ ብቻ አውጥተው በተለየ ዕቃ ውስጥ ማድረግ የተሻለ ነው። እጅዎን ግን ከጉድጓዱ ያርቁ።

ሕመም ከሆነ

በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ በላይ ዓሣ ከጠፋ ጉዳዩ የመደበቅ መሆኑ ያበቃል። የቀሩትን ዓሦች አተነፋፈስ ይዩ። ስንጥባቸው በፍጥነት የሚንቀሳቀስ፣ ከብርሃን የሚሸሹ፣ ፓምፑ ፊት ቆመው ሞገዱን የሚቀበሉ፣ በሰውነታቸውም ላይ እንደ ደቃቅ አቧራ ያለ ነገር የሚታይ ከሆነ፣ ቬልቬት የሚባለው በአሚሉዲኒየም የሚመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀናት ውስጥ ገንዳ ባዶ ያደርጋል። የጨው ቅንጣት የሚያህሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከታዩ ደግሞ ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ተውሳክ ነው። በሁለቱም ጊዜ ዓሦቹን ወደ ለይቶ ማቆያ ገንዳ አውጥቶ ማከም ያስፈልጋል። በመዳብ የሚደረገው ሕክምና ኮራልንና የጀርባ አጥንት የሌላቸውን እንስሳት ስለሚገድል በዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም። ዋናው ገንዳም ተውሳኩ ዓሣ አጥቶ እንዲያልቅ ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ብዙ አርቢዎች ለዚህ 76 ቀናት ይቆጥራሉ።

ድንጋዩ የሚነሣው መቼ ነው?

በእኔ አስተያየት ድንጋይ ማንሳትን ትክክል የሚያደርጉት ሦስት ሁኔታዎች ናቸው፦ ውኃ እየተቀየረ እንኳ አሞኒያው አልወርድ ሲል፣ ገንዳው ትንሽ ሆኖ የጠፋው ዓሣ ትልቅ ሲሆን፣ ወይም በዐይን የታየ አዳኝ ሲኖር። ከእነዚህ ውጭ በጉጉት ብቻ የሚደረግ ቁፋሮ ያላለቀ ችግር ላይ ሌላ ይጨምራል። ማንሳቱ ግድ ከሆነ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ያንሱ። እያንዳንዱን ድንጋይ ከውኃው ሳያወጡ ቀዳዳዎቹን ያስተውሉ፤ ዓሣ ከነድንጋዩ መውጣቱ የተለመደ ነውና። ጓንት ያድርጉ፤ ዞአንቲድ የሚባሉት አንዳንድ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ስላላቸው ቆስሎ ያለ እጅ ሊነካቸው አይገባም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ውኃው ንጹሕ፣ ሌሎቹም ዓሦች ጤነኛ ከሆኑ፣ መጠበቅ ይቻላል። በምትኩ ሌላ ዓሣ ለማስገባት ቢያንስ አንድ ወር መቆየት ይሻላል፤ የቀድሞው ብቅ ካለና አዲሱ የዚያው ዝርያ ከሆነ ለቦታ ሲሉ ይጣላሉ። ከሳምንታት በኋላ የወጣ ዓሣ ሆዱ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይስጡት።

እስከዚያው ክዳኑን ያስተካክሉ። ቀዳዳው 6 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ግልጽ መረብ በፍሬም ተወጥሮ ቢከደን ብርሃንም አየርም ያስገባል፣ አብዛኞቹን ዘላዮችም ያስቆማል፤ ለቀጫጭን ጎቢዎች ከዚያ የጠበበ ያስፈልጋል። ቱቦና ገመድ የሚያልፍበትን ክፍተት በዚያው መረብ ቁራጭ ይድፈኑ፣ የመውረጃ ሳጥኑንም አፍ እንዲሁ ይሸፍኑ። መረቡ ላይ የሚረጋው ጨው ብርሃን ስለሚጋርድ በየሳምንቱ አውጥተው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፤ ሲመልሱትም ማዕዘኖቹ ክፍተት ሳይተዉ መግጠማቸውን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።